እማዬ፣ ግድግዳውን ሲሚንቶ አታስነኪው

ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ትሰሚና ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። የእህቴ ልጅ ማንበብ ጎብዛለችና እሷ ታንብብልሽ። ረዘም ስለሚል ቡናው ከተፈላ በኋላ ተቀመጡና ስሙት።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ «በላክኸው ብር ሲሚንቶ ገዝተናል፤ ከፋሲካ በኋላ የእማዬን ቤት ውስጡንም ውጭውንም እንለስነዋለን» ሲለኝ ዝም አልኩ። ቀጥለሽ አንቺ ስልኩን ተቀበልሽውና «የሰፈሩ ቤት ሁሉ ብሎኬት ሆነ፤ ልጇ እንግሊዝ አገር እያለ እሷ በጭቃ ቤት ቀረች ይሉኛል» አልሽኝ። ያቺ ንግግርሽ ሌሊቱን ስትመላለስብኝ አደረች። እንዳይከፋሽ ፈርቼ በስልክ ያልተናገርኩትን እነሆ ጻፍኩት፦ እማዬ፣ ግድግዳውን ሲሚንቶ አታስነኪው። ምክንያቱን እስክጨርስ ግን ታገሺኝ።

እዚህ ምን እንደምሠራ አፍታትቼ ነግሬሽ አላውቅም። «የግንባታ ሥራ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ስለማፍር ነበር። ሥራዬ ጭቃ ማቡካት ነው። አንቺ «ተማር፣ ከዚህ ጭቃ ውጣ» ብለሽ የላክሽኝ ልጅ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ ጭቃ ነው የምረግጠው። ዛሬ ግን አላፍርበትም፤ እንዲያውም ሙያዬ ነው ብዬ የምናገረው እሱን ነው።

ያለሁበት አውራጃ ዴቨን ይባላል፤ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ነው። አረንጓዴ፣ ጉብታ የበዛበት፣ ዝናብ የማይለየው አገር ነው። የዚህ ገጠር አሮጌ ቤት ብዙው ጭቃ ነው፤ «ኮብ» ይሉታል። አፈር፣ የስንዴ ጭድና ውሃ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። ድሮ በከብት እያስረገጡ ያቦኩት ነበር። ከእኛ የሚለየው ማገርና ቋሚ ስለሌለው ነው። መጀመሪያ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ የሚል የድንጋይ መሠረት ያወጣሉ። ከዚያ ጭቃውን በመንሽ እያነሡ ከላዩ ይከምሩታል፤ ግማሽ ሜትር ያህል ሲደርስ ያቆሙና እስኪጠና አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ሌላውን ይደርቡበታል። ጎኑን በስለታም አካፋ ይከረክሙታል። ውፍረቱ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን መስኮቱ ላይ ሰው መቀመጥ ይችላል። በበጋ ይቀዘቅዛል፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ የእሳቱን ሙቀት ይዞ ያድራል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የነበረው የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለሟልና ባሕረኛ ዋልተር ራሌይ የተወለደው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ሄይስ ባርተን ይባላል፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሳር፤ እስከ ዛሬ ቆሟል። ያን የነገሩኝ ቀን መጀመሪያ የታሰብሽኝ አንቺ ነሽ። የእኛ ቤት የተሠራ ዕለት ትዝ ይለኛል። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቋሚና ማገሩን ጨርሶ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ለደቦ መጣ፤ አንቺ ቀሚስሽን ሸብ አድርገሽ ጭቃው መሀል ቆመሽ ጭዱን ትበትኚ ነበር። እኔም ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ስረግጥ ዋልኩ። ሥራዬን የተማርኩት ያን ቀን ነው ብል ውሸት አይሆንም።

አሁን ወደ ሲሚንቶው ልምጣ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንዲት አሮጊት ቤት ተጠራን። ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ አንቺን የመሰለች ሴት ናት። ዝናብ ሰንብቶ ነበርና ሌሊት የጓዳዋ ግድግዳ ተደርምሶ አደረ። ከውጭ ሲያዩት ነጭ፣ ደረቅ፣ ጽኑ የሚመስል ግድግዳ ነበር። አለቃዬ የወደቀውን አገላብጦ አሳየኝ፤ ከረጅም ዓመታት በፊት «ይጠንክር» ብለው ውጭውን በሲሚንቶ ለስነውት ኖሯል። ሲሚንቶ ሲደርቅ ይደነድናል፣ ጭቃ ግን ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳልና ልስኑ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፣ ከመሬትም እርጥበት ይወጣል፤ የገባው ውሃ ግን ተመልሶ አይወጣም፣ ሲሚንቶው አፍኖታል። ጭቃው ከውስጥ ዓመት ከዓመት እየራሰ፣ በመጨረሻ እንደ ገንፎ ሆኖ ከሥሩ ይላላል። ማንም አያየውም፤ ቅርፊቱ ቆሟልና።

ጭቃ ይተነፍሳል እማዬ። ሲዘንብበት ይጠጣል፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ይተፋዋል። ስለዚህ እዚህ አገር አሮጌ ጭቃ ቤት ስንጠግን መጀመሪያ የምናደርገው ሲሚንቶውን በመሮ እየፈለፈልን ማውረድ ነው። ከዚያ ለወራት እንዲደርቅ እንተወዋለን፤ የተጎዳውን በጭቃ ጡብ እንሞላለን፤ ከላይ በኖራ እንለስናለን፣ በኖራ ውሃ እንቀባለን። ኖራ እንደ ጭቃው ይተነፍሳል። የፋሲል ግንብ ድንጋይም የተያያዘው በኖራ ነው፤ አባቶቻችን ያውቁት ነበር። የዴቨን ሰዎች ደግሞ ጭቃ ቤት ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ ካገኘ ዕድሜ ይጠግባል ይላሉ። ባርኔጣው ከግድግዳው ወጣ ያለ ጣሪያ ነው፣ ጫማው የድንጋይ መሠረት።

ጭቃ የዚህ አውራጃ ብቻ ሆኖ ሌላው የሚንቀው አይምሰልሽ። ባቡር ጡብና የጣሪያ ድንጋይ ከሩቅ ማመላለስ ሳይጀምር በፊት የእንግሊዝ ገጠር ሰው ቤቱን የሚሠራው ከእግሩ ሥር ባገኘው ነበር። ስለዚህ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ከተጓዝሽ የቤቱ መልክ ሁሉ ይለወጣል። ኮትስዎልድስ በሚባለው አገር ቤቱ ሁሉ ማር የመሰለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ሳይቀር። እዚያ ቢቡሪ በምትባል መንደር በ1380 ገደማ ለገዳም የበግ ፀጉር ማከማቻ ተብሎ የተሠራ ረጅም ቤት አለ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለሸማኔዎች ተከፋፍሎ መኖሪያ ሆነ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) በሌላ በኩል ዌብሊና ላቨናም በሚባሉ ቦታዎች ቤቱ የእንጨት ነው፤ ወፋፍራም የኦክ ምሰሶ አቁመው በመሀሉ ቀጫጭን እንጨት እንደ ቅርጫት ይጎነጉኑና ጭቃ፣ ጭድና የላም እበት ቀላቅለው ይመርጉታል። ላቨናም የሄድኩ ቀን አንድ ቤት ውስጥ የምርጉን አሠራር ለጎብኚ እንዲታይ በመስታወት ሸፍነውት አገኘሁ። ማገሩ ላይ የሰው ጣት ያረፈበት ምልክት ይታያል። ብዙ ቆሜ አየሁት። የእኛ ቤት ጓዳ ውስጥ ያንቺ ጣት ያረፈበት አለ፤ ማንም በመስታወት አልሸፈነውም።

ከብትና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ማደሩንም እንደ ኋላ ቀርነት አታስቢው። ዳርትሙር በሚባለው ደጋ ላይ «ረጅም ቤት» የሚሉት አለ፤ ሃየር አፕኮት የሚባለውን ገብቼ አይቻለሁ። ግድግዳው የጥቁር ድንጋይ ዘመድ የሆነ ግራናይት ነው። በአንድ በር ይገባል፤ ላይኛው ወገን ለሰው፣ ታችኛው ለከብት። ቤቱ ቁልቁለት ላይ ስለተሠራ የከብቱ እዳሪ በመሀል ቦይ ወደ ታች ይፈሳል፤ የከብቱ ትንፋሽ ደግሞ ሰውን ያሞቃል። «ይህ ጋጣ ነው፣ ይህ መደብ ነው» እያልኩ ለሥራ ጓደኞቼ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፤ አስጎብኚው እስኪመጣ አልጠበቁም።

አንቺን በጣም የሚያስደንቅሽ ግን የሳር ክዳኑ ነው። እዚህ ሳሩ ሲያረጅ ሁሉንም አያወርዱትም። የላይኛውን ገፈው አዲስ ይደርቡበታል። ስለዚህ በአንዳንድ የዴቨን ቤቶች የታችኛው ሳር ከ500 ዓመት በላይ የሆነው ነው። ከል ይመስላል፤ ጭስ ማውጫ ሳይታወቅ በፊት እሳቱ መሀል ቤት እየነደደ ጭሱ በክዳኑ ስለሚወጣ ነው። ጥቀርሻው ሳሩን ከነቀዝና ከብስባሴ ጠበቀው። ተመራማሪዎች ከውስጡ የጥንት የስንዴ ዛላ ያወጣሉ። የአያቴ ጎጆ ክዳን ከውስጥ እንዴት ያብረቀርቅ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ያው ነው። ዛሬ ክዳኑን የሚሠሩት ባለሙያዎች የተከበሩ ናቸው። አዲሱ ስንዴ አገዳው አጭር ስለሆነ ለክዳን አይሆንምና፣ ረጅም አገዳ ያለውን የድሮ ዘር ለብቻው ያዘራሉ።

ጭስ ማውጫ እየተለመደ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጭሱ መንገድ ሲያገኝ ከላይ ወለል ዘርግተው ፎቅ አወጡ፣ መኝታ ለዩ፣ መስኮት አሰፉ። ደብልዩ ጂ ሆስኪንስ የሚባል የዚሁ የዴቨን ተወላጅ ታሪክ ጸሐፊ ከ1570 እስከ 1640 ያለውን ጊዜ «ታላቁ የቤት እድሳት» ብሎታል። ቤቱን ግን አላፈረሱትም፤ እዚያው ያንኑ ግድግዳ ይዘው ነው ኑሯቸውን ያሻሻሉት። ይህን ልብ በይልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ መኳንንቱ ቤት ብዙ አልጽፍልሽም። ትልልቅ ናቸው፣ ያስደንቃሉ። ሃርድዊክ ሆል የሚባለው በ1590ዎቹ የተሠራ ሲሆን «ከግድግዳው መስኮቱ ይበልጣል» እያሉ ይዘምሩለታል፤ መስታወት ያን ጊዜ የሀብታም ብቻ ነበር። ከ1696 እስከ 1851 ደግሞ መንግሥት በመስኮት ቁጥር ግብር ያስከፍል ስለነበር፣ ግብሩን ሽሽት በጡብ የደፈኑት መስኮት እስከ ዛሬ ይታያል። በብርሃን ላይ ግብር መጣል የድሃን ቤት ምን ያህል እንዳጨለመው ሳስብ ያመኛል። ከታላላቆቹ ቤቶች የአንዳንዶቹ ገንዘብ የመጣው ከባሪያ ንግድና ከቅኝ ግዛት ነው፤ ያንን ዛሬ ራሳቸው መርምረው እየጻፉት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የውርስ ግብሩና የአገልጋይ እጦቱ በዝቶ ብዙዎቹ ፈረሱ፤ በ1955 በአምስት ቀን አንድ ይፈርስ ነበር ይባላል። ያ ጥፋት ነው ያስደነገጣቸው። ዛሬ በእንግሊዝ ከ370,000 በላይ ሕንጻ በመዝገብ ተጠብቋል፤ ከእነዚህ ውስጥ የገበሬ ጭቃ ቤትም አለበት። የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ መልኩን መለወጥ ወንጀል ነው።

አንድ ቤት ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። ባስ በምትባል ከተማ ዳርቻ ፌርፊልድ ሃውስ የሚባል ቤት አለ። ጃንሆይ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም ጣልያን አገራችንን ሲይዝ ተሰደው የኖሩት እዚያ ነው። በወርቃማ ድንጋይ የተሠራ፣ አትክልት ቦታው ሰፊ፣ ገጠርና ከተማ የተገናኙበት ቤት ነው። በኋላ፣ በ1958 እንደ ፈረንጆቹ፣ ለከተማው ሕዝብ ለአረጋውያን መጠቀሚያ ሰጡት። አንቺ ስለ ስደታቸው ከእናትሽ የሰማሽውን ትነግሪን ስለነበር በሩ ላይ ስቆም የምገባው ወደ ተረትሽ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ለነፍስ አባትሽ ንገሪልኝ፤ ደስ ይላቸዋል።

አዲሱስ? ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። አዲሱም አለ፣ መልካሙም መጥፎውም። ብዙዎች የድሮ የእህል ጎተራና መውቂያ ቤት ገዝተው መኖሪያ ያደርጉታል። የመውቂያ ቤቱ ትይዩ የሆኑ ሁለት ሰፋፊ በሮች ነበሩት፤ ነፋሱ ከበር ወደ በር ሲያልፍ ገለባውን እንዲወስድ ነው፤ እኛ አውድማ ላይ ነፋስ ጠብቀን በላይዳ እንደምናዘራው። ዛሬ በሮቹ መስታወት ሆነዋል፣ ወለሉ ሥር ሙቅ ውሃ ይዘዋወራል። ከመንደር ተነጥሎ በሜዳ ላይ አዲስ ቤት መሥራት ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም፤ ከ1997 ጀምሮ ግን ንድፉ እጅግ የላቀ ሲሆን የሚፈቅድ መመሪያ አለ። ከእነዚህ ከአዲሶቹ የወደድኩት በባኪንግሃምሺር ዋድስደን አጠገብ የተሠራው ፍሊንት ሃውስ ነው፤ በ2015 የዓመቱ ምርጥ ቤት ተብሎ በአርክቴክቶቹ ተቋም ተሸልሟል። ግድግዳው የዚያው መሬት ባልጩት ነው፤ ከሥሩ ጥቁርና ሻካራ ሆኖ ይጀምርና ወደ ላይ እየነጣ ሄዶ ጫፉ ላይ ሰማዩን ይመስላል። አዲስ ነው፣ ግን የቆመበትን መሬት አልካደም። ሌሎቹ አዳዲስ ቤቶች ነጭ ግድግዳና ግራጫ መስኮት ይዘው የትም አገር የሚገኙ ናቸው፤ ስታልፊያቸው አታስታውሻቸውም።

ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን ይህ ነው፦ በፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የጭቃ ግድግዳን ለዘመኑ የሙቀት ሕግ እንዲመጥን አድርገው ሠርተዋል። ሁለት ድርብ ነው፤ አንዱ ሸክም የሚችል ከባድ ጭቃ፣ ሌላው ጭድ የበዛበት ቀላል ጭቃ፤ ቅዝቃዜን የሚከላከለው እሱ ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አንድ ሕንጻ ሠርተውበታል። ሲሚንቶ ለማምረት ብዙ ነዳጅ ይቃጠላልና፣ ምሁራኑ ወደ ጭቃ እየተመለሱ ነው። አንቺ ወደምታፍሪበት።

አንድ የሚያሳዝነኝም አለ። ይህን ያህል ተጠብቀው የኖሩት ቤቶች ዋጋቸው ሰማይ ስለነካ የመንደሩ ልጆች ሊገዙት አልቻሉም። የገዙት የከተማ ሀብታሞች በበጋ ብቻ ይመጣሉ። በብርዱ ወራት ማታ ከሥራ ስመለስ በአንዳንድ መንደር ከአሥር ቤት ሦስት አራቱ ብቻ መብራት ይታይባቸዋል። ያማረ ግድግዳ፣ ያማረ ክዳን፣ ሰው የለበትም። ያኔ ያንቺ ቤት ይታሰበኛል፤ ማንም ሳያንኳኳ የሚገባበት።

እንግዲህ በቤታችን እንዲሆን የምለው ይኸው ነው። ለኔ ትዝታ ብለሽ በጭስና በጨለማ ኑሪ አልልሽም። የእንግሊዝ ገበሬ ያንኑ ግድግዳ ይዞ ኑሮውን እንዳሻሻለ እኛም እንዲሁ እናድርግ። የተገዛው ሲሚንቶ አይባክንም፤ ለሽንት ቤቱ ወለልና ለውሃ ማጠራቀሚያው ይሁን። በቀረው ብር ወንድሜ ድንጋይ ያስመጣና የቤቱን ዙሪያ ሥሩን ክንድ ያህል በድንጋይ ይጠብቀው፤ ምስጥ የበላቸውን ቋሚዎች ይለውጥ። ቆርቆሮውን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ወጣ ያድርገው፣ አሸንዳም ያስገባለት፤ ክረምት ላይ ግድግዳውን የሚበላው ከመሬት የሚፈናጠረው ውሃ ነው። ማድ ቤትሽ ጭስ ማውጫ ይውጣለት፤ ዓይንሽ ይረፍ። በምሥራቅ በኩል ሰፋ ያለ መስኮት ይከፈት፣ ጠዋት ጸሎትሽን ስታደርሺ ብርሃን ይግባልሽ። ግድግዳውን ደግሞ ጎረቤቶችሽን ጠርተሽ እንደ ወትሮው በጭቃና በእበት አስለቅልቂው፤ ሲደርቅ ነጭ ኖራ ይቀባ። የሰፈሩ ሰው ሲጠይቅሽ «ልጄ እንግሊዝ አገር የሚሠራው ይህንኑ ነው» በያቸው።

ለወንድሜ ለብቻው እደውልለታለሁ፤ አትቆጪው፣ ላንቺ ብሎ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። እዚህ አለቃዬ ጭቃው እንደተቦካ ወዲያው መሥራት ይወዳል። እኔ ግን «እናቴ ሸፍና ታሰነብተው ነበር፣ ጭዱ ሲብላላ ነው የሚያያይዘው» አልኩት። «ስንት ቀን?» አለኝ፤ መመለስ አቃተኝ። ትንሽ ስለነበርኩ አላስታውሰውም። በሚመጣው ወር አንድ ግድግዳ እንጀምራለን፤ አንዱን ወገን በሱ፣ አንዱን በኛ መንገድ እንሥራው ተባብለናል። ስንት ቀን ነበር የምታሰነብቺው? ውሃ በየቀኑ ትጨምሪበት ነበር? የጤፍ ጭድ ነው የሚሻለው ወይስ የስንዴ? አደራሽን፣ የእህቴን ልጅ በድምፅ አስቀጅተሽ ላኪልኝ።

ጉልበትሽን ስመሻለሁ።

ልጅሽ